ጅቡቲ እንዴት ነው ለምትሉኝ

ከተመለስኩ ሰባት ወር ሊሆነኝ ነው። እስካሁን እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሳልጠየቅ የተነሳሁበት ቀን የለም። «አቦ ጅቡቲ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ልመልስ አፌን ስከፍት ግን ጠያቂው ራሱ ይመልሰዋል፣ «ሙቀቱ ነው አይደል፣ ብሩ ግን አለ» ይልና ሻዩን ያማስላል፣ ጨረስን። አራት አመት ኖሬ ሁለት አረፍተ ነገር ሆኜ ተመለስኩ ማለት ነው።

ችግሩ ድሬ ላይ ጅቡቲን የማያውቅ ሰው የለም። ካናዳ ወይ ጀርመን ብሄድ ኖሮ ቢያንስ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙኝ ነበር። ጅቡቲ ግን የጎረቤት ጓዳ ነው፣ ሁሉም በመስኮት አይቶታል። እውነት ለመናገር ይቺ ከተማ ራሷ የጅቡቲ ልጅ ናት እኮ፣ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደረሰ፣ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር የታሰበው ግን ተራራው ከበደና ከታች ሜዳው ላይ ቆመ፣ ድሬ ተወለደች። አዲስ አበባ እስኪደርስ ደሞ 1917 ሆነ። ሰፈራችን ውስጥ የምድር ባቡር ጡረተኛ አባት አሉ፣ ዛሬም ሲናደዱ በፈረንሳይኛ ነው የሚሳደቡት። እና ሁሉም ሰው የራሱ ጅቡቲ አለው። የእማዬ ጅቡቲ ሽቶና ሻሽ ነው፣ ድሮ በባቡር ቲማቲም ጭነው ሄደው ጨርቅ ወገባቸው ላይ ጠምጥመው የሚመለሱት ሴቶች ያመጡላት። የአብሮ አደጌ ጅቡቲ እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ላይ የገዛው ስልክ ነው። ከነዚህ ሁሉ ጋር የኔን ጅቡቲ አስገባለሁ ብዬ መታገል ድካም ነው፣ ግን እስቲ ዛሬ ልሞክር።

ብሩን ልጀምር፣ መቼም እሱን ሳልጨርስ አታዳምጡኝም። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ምናምን፣ ስንት አመት ሙሉ አልተነቃነቀም። የኛ ብር በሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ የኔ ደሞዝ እዛው ቁጭ እንዳለ ድሬ ላይ ግን አደገ። ያን ሰሞን ስልኬ አላረፈም። አክስቴ ካልኩሌተር ይዛ ነበር የምትደውለው መሰለኝ፣ «ልጄ አሁን እኮ ይሄን ያህል ሆኗል» ትለኛለች፣ የኔን ደሞዝ ለኔ! ያላሰበችው ነገር እኔ የቤት ኪራይ የምከፍለው በፍራንክ ነው፣ ውሃ በፍራንክ፣ ሻይ በፍራንክ። ቲማቲሙ ደሞ ከዚሁ ከኛ አካባቢ ነው የሚሄደው፣ አትክልቱም ጫቱም ከሐረርጌ። ድሬ ሳለሁ ተከራክሬ የምገዛው ቲማቲም እዛ በፍራንክ ሲጠራልኝ ቆሜ አየዋለሁ፣ ከኔ በፊት ዲያስፖራ ሆኗል።

ውሃውም እንደዛው ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከሽንሌ በረሃ ከምድር ወጥቶ በቱቦ ጅቡቲ ይገባል። መብራቱም ከድሬ በተሳበ መስመር ጅቡቲ ከተማ ዳር ፒኬ 12 የምትባለው ሰፈር ጋ ይደርሳል። እኔማ ክፍሌ ሲጨልም መጀመሪያ የማደርገው ነገር እማዬ ጋ መደወል ነበር፣ «እናንተ ጋም ጠፍቷል?» ጠፍቶ ከሆነ በሆነ መንገድ ይቀለኛል። አብረን ጨለማ ላይ ነን በቃ።

ሙቀቱ እሺ። ድሬ ልጅ «ሙቀት ለኛ ታወራለህ?» ይላል፣ ገብቶኛል፣ እኔም እንደዛ ብዬ ነው የሄድኩት። የድሬ ሙቀት ግን ደረቅ ነው፣ ሲመሽ ይለቅሃል፣ በረንዳ ላይ ውሃ ደፍተህ ምንጣፍ ካነጠፍክ ታርፋለህ። የጅቡቲ ሐምሌ ቀን ከ40 በላይ ወጥቶ ማታም 30 አካባቢ ይቀመጣል፣ አየሩ ደሞ እርጥብ ነው፣ ላብህ አይደርቅም፣ ላብህ ላይ ላብ። ከዛ ኸምሲን የሚሉት ንፋስ ከበረሃው ሲመጣ አፍህ ውስጥ አሸዋ ይቀራል። ኤሲ ያለው ሰው እና ቬንትሌተር ያለው ሰው ሁለት የተለያየ ሀገር ነው የሚኖሩት፣ እኔ የቬንትሌተሩ ሀገር ነበርኩ። አንሶላ ውሃ ነክሬ ነበር የምተኛው፣ ሲደርቅ እነቃለሁ፣ እንደገና እነክራለሁ።

ይሄን ስናገር «አላልኩህም?» ይሉኛል። ቆይ ግን! ከህዳር እስከ የካቲት ያለውን ጅቡቲ የሚያምነኝ የለም። ማታ ማታ ንፋሱ ልብስ ያስደርብሃል ስል ይስቃሉ። ሲየስታ የሚባለው ባህር ዳር ውሃው ሲሸሽ ልጆች አሸዋው ላይ ኳስ ይጫወታሉ፣ ቤተሰቡ ምንጣፍ አንጥፎ ሻይ ይጠጣል፣ የየመን ምግብ ቤት ገብተህ ከሁለት የተሰነጠቀ ዓሳ ከምድጃው በርበሬ ተቀብቶ ወጥቶ ከትልቅ ቂጣ ጋር፣ በጎን ሙዝ በማር ተፈጭቶ። እኔ አሁንም በህልሜ እበላዋለሁ።

እዚህ ጋ ጥፋቴን ላምን። ፌስቡክ ላይ የለጠፍኳቸው ፎቶዎች በሙሉ የነዛ አራት ወራት ናቸው። ባህር፣ ዓሳ፣ ነጭ ሸሚዝ። በነሐሴ ላቤን ጠርጌ ፎቶ የተነሳሁበት ቀን የለም፣ ማን ይነሳል? ስለዚ አክስቴ በካልኩሌተሯ ብትፈርድብኝ እኔም አግዣታለሁ።

አንድ የአዲስ አበባ ጓደኛዬ ደሞ ለእቃ ጉዳይ ሶስት ቀን መጥቶ ነበር። ከናጋድ ባቡር ጣቢያ ይዤው ከተማ ስንገባ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። «ሰው የለም እንዴ? ኩዴታ ነው?» አለኝ። ሱቅ ዝግ፣ መንገድ ባዶ፣ ውሻ እንኳን ጥላ ስር ነው። እዛ ስራ የሚገባው ጠዋት አንድ ሰዓት ነው (እነሱ ሰባት ይሉታል፣ በሱ የተነሳ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ስንቱን ቀጠሮ አበላሸሁ)፣ ስምንት ሰዓት አካባቢ ሁሉም ወደ ቤቱ፣ ጫቱም እኩለ ቀን ላይ ከኢትዮጵያ ይደርሳል፣ ሴቶቹ እርጥብ ጆንያ ሸፍነው ጠረጴዛ ላይ ይደረድሩታል፣ ከዛ ከተማው ይተኛል ወይ ይቅማል። አስራ ሁለት ሰዓት ሲል ነው ነፍስ የሚዘራው፣ እስከ እኩለ ሌሊት ህፃናት ሳይቀሩ ደጅ ናቸው። ጓደኛዬ ግን ማታ ማታ ሆቴል ኤሲ ስር ተኝቶ ነበር። አዲስ ተመልሶ «የሞተ ከተማ ነው፣ ሰነፎች ናቸው» ብሎ አወራ። ድሬም መጥቶ ይሄንኑ ነበር የሚለው፣ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ሆነን ስላገኘን። እንቅልፍ ላይ የመጣ እንግዳ ቤቱ ሰው የሌለው ይመስለዋል።

የሚሳቀው ይሄ ሁሉ «እነሱ አላወቁም፣ እኔ ነኝ የማውቀው» እያልኩ መኖሬ ነው። የቤት አከራዬ አስተካከለችኝ። ኤዶ ነበር የምንላት ተከራዮቹ ሁሉ፣ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት። ልጅ ሆና ድሬ ዘመድ ጋ ስለኖረች አማርኛዋ እንደኔው ነው፣ አንተ እያለች ትጠራኛለች፣ እኔም አንቺ እላታለሁ (ድሬ ልጅ አንቱ አይችልም የሚሉት እውነት ነው፣ ይቅር በሉን)። አንድ ማታ ጣሪያ ላይ አዲስ ለመጣ ሀበሻ ልጅ ስለ ጅቡቲ ሳስተምረው፣ እንዲህ ናቸው፣ እንዲህ አይወዱም፣ እንዲህ ነው የሚኖረው ስለው ልብስ እያሰጣች ትሰማኛለች። ስጨርስ «አንተ» አለችኝ፣ «የምታውቀው እኮ ወደቡን፣ ሐዋላ ቤቱን እና የኔን ጣሪያ ነው።»

ከዛ ጠየቀችኝ። ታጁራ ሄደሃል? አልሄድኩም። አሳል? ከባህር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ የጨው ሐይቅ፣ አፍሪካ ውስጥ ከሱ በታች መሬት የለም፣ በመኪና ሁለት ሰዓት ነው፣ አልሄድኩም። ሰርግ ገብተሃል? የጎረቤት ድምፅ ሰምቼ አውቃለሁ። አፋርኛ አንድ ቃል? ዝም አልኩ። ሶስት አመት ኖሬ ነበር ያኔ። እውነቷን ነው፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር የተቀመጥኩት፣ ሻንጣዬን አልጋ ስር አድርጌ። እሁድ እሁድ ስራ ነው እዛ፣ እረፍቱ አርብ ነው፣ እኔ ግን አራት አመት ሙሉ አርብ ቤተክርስቲያን የሌለበት እሁድ፣ እሁድ ደሞ የተሰረቀብኝ ቀን እየመሰለኝ ነው የኖርኩት። ቀኑን እንኳን አልለመድኩትም።

በዛ ላይ እኔ መኖሪያ ፈቃድ ነበረኝ። የሌላቸው ልጆች አሉ፣ የነሱ ጅቡቲ ከአንድ ሰፈር አይወጣም፣ ፖሊስ የማይቆምበት ጥግ እና የስራ ቤታቸው ነው። የከባድ መኪና ሾፌሮቻችን ጅቡቲ ፒኬ 12 ላይ ጋቢና ውስጥ ወረፋ መጠበቅ ነው፣ የሀገራችን እቃ ከ90 በመቶ በላይ በነሱ እጅ ያልፋል፣ ከተማውን ግን ከሩቅ መብራቱን ነው የሚያዩት። በእግራቸው ወደ ኦቦክ የሚሄዱም አሉ፣ ወደ የመን ሊሻገሩ፣ ከዛ ሳውዲ። ለስራ ከከተማ ስወጣ አስፋልቱ ዳር አይቻቸዋለሁ፣ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ከፍ አድርገው ያሳያሉ፣ ብር አይደለም የሚለምኑት። አንዱ በአማርኛ ስናገር ደንግጦ «ከየት ነህ?» አለኝ፣ ድሬ አልኩት። «ቅርብ ነህ» አለኝ። ያለንን ውሃ ሰጠነው፣ መኪናው ቸኮለ፣ ሄድን። ጅቡቲ እንዴት ነው ስትሉኝ ለሁለት አረፍተ ነገር ያልመቸኝ ትልቁ ነገር እሱ ልጅ ነው።

አሁን የኤዶን ድሬ ልንገራችሁ። ለሷ ድሬ ገነት ናት። ጅቡቲ ላይ አቅም ያለው በሙቀቱ ወራት ወደ አርታ ተራራ ይወጣል፣ ሌላው ድሬ ይመጣል፣ ሐምሌና ነሐሴ የጅቡቲ ታርጋ ከዚራ ላይ ታያላችሁ አይደል። ጣሪያው ላይ ስለ ድሬ ስታወራ እኔ የት ከተማ እንደሆነ ግራ ይገባኝ ነበር። ዛፍ ጥላ፣ ፍራፍሬ በርካሽ፣ ባጃጅ፣ ቀዝቃዛ አየር። ቀዝቃዛ! «ለምን ከዛ ወጣህ?» ትለኝ ነበር ከልቧ። ስራ ስላጣሁ ብዬ አስረዳኋት፣ አንገቷን ነቅንቃ ሰማችኝ፣ ግን አልገባትም፣ እንደዛ አይነት ጥላ ያለበት ሀገር እንዴት ስራ ይጠፋል?

ዘንድሮ መጣች። ከኛ ቤት አራት በር አለፍ ብሎ ለአንድ ወር ተከራየች፣ ደላላው ጅቡቲ የሚል ቃል ሲሰማ የጠራውን ዋጋ አልጽፈውም፣ አፈርኩ። እሷ ግን «ርካሽ ነው» አለች። ከኛ ሰፈር አንድ አባወራ በዛው ሰሞን ኪራይ ተጨምሮበት ወደ ዳር ወጥቷል፣ እሱንም አልነገርኳትም። ከተማችንን ለሁለት የሚከፍለውን የደቻቱን ወንዝ ስናቋርጥ ደረቅ ነበር፣ አሸዋው ላይ ቆማ ፎቶ አንሳኝ አለች፣ «እንዴት ደስ የሚል ሰፊ ቦታ ነው፣ ለምን ቤት አይሰራበትም?» እማዬ አብራን ነበረች። እማዬ በ1998 ክረምት ያን ሌሊት ደቻቱ ጎርፍ ሆኖ ሲመጣ ሰምታለች፣ ከ200 በላይ ሰው ነው የሄደው፣ ጎረቤቶቿም ነበሩበት። ምንም አላለችም። ነጠላዋን አስተካክላ ቀድማን ተሻገረች። ኤዶ እኔን አየችኝ፣ እኔ ስልኩን አየሁ። ፎቶው ቆንጆ ነው የወጣው።

ያን ዕለት ማታ እኛ ቤት ግቢ ምንጣፍ ላይ ነን። መብራት የለም። እማዬ በካርቶን ታራግባለች፣ እኔ ሸሚዜን አውልቄያለሁ። ኤዶ ግን እየተኮማተረች እየተኮማተረች መጣች፣ መጨረሻ ላይ ወደ እማዬ ጠጋ ብላ «ጋቢ አይኖርሽም?» አለች።

«ጋቢ?» አለች እማዬ፣ ማራገቧን አቁማ። «በነሐሴ? ድሬ ላይ?»

ሰው መቀለዱን እንደማረጋገጥ አየቻት፣ ከምሯ ነው። ተነስታ ገባች፣ ሳጥኑን ስትፈትሽ ከውጪ ይሰማናል፣ ሐረር ለልቅሶ ስንወጣ ካልሆነ አውጥተነው አናውቅም። የብርድ ሀገር ናፍታሊን የሚሸት ጋቢ ይዛ መጥታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላትና ተመልሳ ቁጭ ብላ ካርቶኗን አነሳች።