የጢንዚዛን አረማመድ በስልክ ካሜራ የቆጠርኩበት መንገድ

ጢንዚዛ ሲሄድ ዓይናችን የሚከተለው የሚወራጨውን እግር ነው። የስድስቱን እግሮች ተራ ለማወቅ ግን መታየት ያለበት የቆመው እግር ነው። ይህ እስኪገባኝ ብዙ ቪዲዮ ጣልኩ።

መሄጃውን 4 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው የካርቶን ቦይ ሠራሁ። ከሥር ለመቅረጽ ብዬ መጀመሪያ ወለሉን የመስኮት መስታወት አደረግኩት፤ ጥፍሩ የሚቆነጥጠው ስላጣ እግሩ እየተንሸራተተ ተራው ሁሉ ተዘበራረቀ። ስለዚህ ሚሊ ሜትር የተሰመረበት ወረቀት አነጠፍኩ። ከላይ ብቻ ሲታይ ደግሞ እግሩ መሬት መንካት አለመንካቱ አይለይም። ለዚህ በአንዱ ጎን የፊት መስታወት በ45 ዲግሪ አጋድሜ አቆምኩ።

አምፖል አይሆንም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብርሃኑ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሳ ካሜራ ደግሞ ይህን ይይዘዋል። በቀን ብርሃን፣ ሞቅ ሲል መቅረጽ ይሻላል፤ ጢንዚዛ ሲበርደው ይጎተታል። አንዳንድ ስልክ በመሃል የራሱን ምስል ፈጥሮ ይሰካል፤ እግሩ ድርብ ጥላ መስሎ ከታየ ያን ቪዲዮ አልቆጥርም።

እግሮቹን ከፊት ወደ ኋላ የግራዎቹን ግ1፣ ግ2፣ ግ3፣ የቀኞቹን ቀ1፣ ቀ2፣ ቀ3 አልኳቸው። ለእያንዳንዱ እግር አንድ ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ ምስል አንድ ሳጥን ያለው ሠንጠረዥ ይዤ፣ ምስል በምስል እያሳለፍኩ የእግሩ ጫፍ እዚያው የወረቀቱ ካሬ ላይ ከቆየ ሳጥኑን አጠቆርኩ፤ ከለቀቀ ባዶ ተውኩ። መነሻና መቆሚያ ላይ ያሉትን እርምጃዎች አስወጣሁ። በአንድ ጥሩ እርምጃ ከ60 ምስል 36ቱ ጥቁር ሆኑ፤ እርምጃው 0.25 ሰከንድ ፈጅቶ፣ 60 በመቶውን እግሩ መሬት ላይ ነበር ማለት ነው።

ሠንጠረዡ ሲሞላ ግ1፣ ቀ2ና ግ3 አብረው ይነሳሉ፤ ቀጥሎ ቀ1፣ ግ2ና ቀ3። የቀሩት ሦስቱ እንደ ጉልቻ ሰውነቱን ይሸከማሉ፤ ክብደቱ በመሃላቸው ስለሚያርፍ ድንገት ቀጥ ቢል እንኳ አይዘምም። ሲፈጥን በአየር ላይ ያለው ጊዜ ብዙም አይለወጥም፤ የሚያጥረው የቆመበት ነው። በጣም ሲዘገይ ግን ጉልቻው ይፈርስና በየጎኑ ከኋላ ወደ ፊት አንድ አንድ እያለ ያነሳል።

ለማስኬድ ከኋላው በለስላሳ ብሩሽ መንካት ይበቃል። አንቴናው ከተነካ ይዞራል፤ የመዞሪያ እርምጃ ደግሞ ለዚህ ቆጠራ አይረባም።

ግ2 የጎደለው አንድ ጢንዚዛ ቀርጬ ነበር። ግ1ና ግ3 አብረው መነሳታቸውን ትተው መፈራረቅ ጀመሩ።