በየ11 ዓመቱ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ድብርት ቢጤ ሲጫጫነኝ ዋለ። ካሜራዬን ይዤ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ሌላው ሰው ሲከፋው ጨረቃን ያያል፣ እኔ ፀሐይን። በ2012 ሰኔ 14 ለግርዶሹ የገዛኋት ማጣሪያ እስካሁን አለችኝ። ስስ ላስቲክ ነገር ናት። ቀዳዳ እንደሌላት በብርሃን አየሁና ሌንሱ ፊት ላይ በፕላስተር ጥርቅም አደረግኳት። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ብርሃን ብቻ ነው የምታሳልፈው፤ ከወለቀች ዓይንም ካሜራም አለቀላቸው።

ስክሪኑን ሳጎላው ፀሐይዋ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ታዩኝ። የትልቁ መሃል ጥቁር ነው፣ ዙሪያው ግራጫ። ከጎረቤት ቆርቆሮ የሚነሳው ወላፈን ምስሉን ያርገበግበዋል። አንዱ ፎቶ ጥርት ይላል፣ ቀጣዩ ይሟሟል። ደግሞ ጥቁር ይባል እንጂ ነጥቡ ራሱ 3,500 ዲግሪ ገደማ ይነዳል። ዙሪያው 5,500 ስለሆነ ነው የጠቆረው። ምስኪን፣ ጎረቤቶቹ ናቸው ያጠቆሩት።

የግቢያችን ማሙሽ ከታች አንጋጦ «ጋሼ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

ከዚያ ሽዋበ ትዝ አለኝ። ጀርመን፣ ዴሳው የምትባል ከተማ ይኖር የነበረ መድኃኒት ቀማሚ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1826 ጀምሮ ሰማዩ በጠራ ቁጥር ፀሐይን ሲያይ ኖረ። የሚፈልገው ግን ነጥቦቹን አልነበረም። ከሜርኩሪ ይልቅ ለፀሐይ የቀረበች ፕላኔት አለች ብሎ፣ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ሊይዛት ነው። ከነጥቦቹ ጋር እንዳትምታታበት እነሱን አንድ በአንድ መዘገበ። ፕላኔቷን ግን አላገኛትም። ይልቅ በ1843 ነጥቦቹ በየ10 ዓመቱ ገደማ እየበዙ እየሳሱ እንደሚመላለሱ አሳወቀ። ዛሬ በአማካይ 11 ነው ይባላል። ራሱን በሳኦል መስሎ ነበር፤ የአባቱን አህዮች ፍለጋ ወጥቶ መንግሥት ባገኘው።

11 ዓመት! እ.ኤ.አ. በ2014 ነጥቦቹ ሲበዙ ተማሪ ነበርኩ። እሷም ነበረች። በ2024 ነጥቦቹ ተመለሱ። እነሱ እንኳ ቀጠሮ ያከብራሉ።

የሚቀጥለው በ2030ዎቹ አጋማሽ ይሆናል። ማሙሽ ያኔ ጎረምሳ ነው። እኔን ምን ብሎ ሊጠራኝ ነው? ብቻ አባባ እንዳይለኝ።