ማር አላት?

እሁድ ከሰዓት፣ ኅዳር

ዛሬ ደብሮኛል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ። ያው የሥራ ዝውውሬ ጉዳይ ነው፣ ትንሽ ደግሞ የኅዳር ፀሐይ አለበት። ማርቆስ ላይ ኅዳር ሲሆን ፀሐዩ ዘንበል ሲል ሰው ያለ ነገር ሆዱ ይባባል። መብራትም ሄዷል። ባትሪዬ ሳያልቅ ስለ ዝውውሩ ላማርር ብዬ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ቀና ስል እሷ ፊት ለፊቴ ቆማለች፣ ከረጢቷን ነፍታ፣ ነጭ ጥለት ያለውን ባርኔጣዋን ደፍታ። የምጽፈው ጠፋኝ።

እሷ ማለት የአዲስ አበባዋ እህቴ ያመጣችልኝ፣ ስሊፐር ኦርኪድ የምትባል የአበባ ተክል ናት። ለፋሲካ ስትመጣ ሻንጣዋን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አስጭና ይህችን ጭኗ ላይ ይዛ ነው የአባይን በረሃ ወርዳ የወጣችው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው ሙቀት በጋዜጣ ስታራግብላት እንደነበር አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ሳይቀር ሲስቅባት ነበር አሉ። ያኔ አበባ የላትም፣ ቅጠል ብቻ ናት። እናቴ ዙሪያዋን አየችና “ይችን ባሮ ሽንኩርት ለማምጣት ነው ይኼ ሁሉ መንገድ?” አለች። እውነት ለመናገር ባሮ ትመስላለች።

እኔ ደግሞ የያዝኩትን ነገር እስካላነበብኩት ድረስ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሙሉ ስሟ ፓፊዮፔዲለም ኢንሲግኔ ነው። አገሯ ሰሜን ምሥራቅ ህንድ፣ የሜጋላያ ኮረብቶች። በዓለም ዝናብ እጅግ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው ቼራፑንጂም እዚያው ሜጋላያ ውስጥ ነው። ፈረንጆቹ ስም ያወጡላት በ1821 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ወገኖቿን ሀብታሞቻቸው ይሻሙባቸው ስለነበር ከየጫካው ተነቅለው ሊያልቁ ደርሰው ነበር። ዛሬ ከዱር ነቅሎ መነገድ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው። ይህን ያነበብኩ ማታ እህቴን ደውዬ እንደ መርማሪ ያዝኳት፦ ከየት ገዛሽ፣ ማን አባዛት፣ ወረቀት አላት ወይ? ወረቀቱን ፎቶ አንስታ እስክትልክልኝ አላረፍኩም። “ሁለተኛ ስጦታ አልሰጥሽም” ብላ ዘጋችብኝ።

አያያዟ የተወራውን ያህል አይከብድም። ቁም ነገሩ ሌላ ተክል ማስመሰል አለመሞከር ነው። አፈር አትፈልግም፣ የምትቀመጠው በጥድ ቅርፊት ስብርባሪና በከሰል ውስጥ ነው። የጎረቤታችን እትዬ ይህን ሲያዩ አዘኑላት። “አፈር እንኳ ነፈግሻት?” ብለው የቡና አተላ ሊደፉባት ሲሉ በእግዜር ይዣቸዋለሁ። ሌሎቹ ኦርኪዶች ብዙዎቹ ግንዳቸው ሥር ውሃ የሚያጠራቅም እብጠት አላቸው፣ እሷ የላትም። ስለዚህ ጨርሳ መድረቅ የለባትም። በሌላ በኩል ውሃ ከቅጠሎቿ መሀል ከተኛባት ከልቧ ትበሰብሳለች። ካጠጣኋት በኋላ ጎንበስ አደርጋትና መሀሏ ላይ የቀረችውን ጠብታ በሶፍት ጫፍ እመጣለሁ። ሶፍቱ ጠብታዋን ሲስባት፣ ቅጠሉ መሀል ላይ ያለው ቦይ ቀስ ብሎ ሲጠፈፍ ማየት ደስ ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። የቧንቧ ውሃችን ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ስለሚያስቀር አልሰጣትም። ክረምቱን በሙሉ ከቆርቆሮ ጣሪያችን የወረደውን በባልዲ አጠራቅሜላታለሁ። ቀጥታ ፀሐይም ያቃጥላታል፣ የጠዋቷ ብቻ በስስ መጋረጃ ትበቃታለች።

ሰኔ ሲገባ ፊቷ ተፈታ። ዝናቡን ሰምታ ይሆናል። ጥቅምት ደግሞ መጣ። እኛ “በጥቅምት አንድ አጥንት” ብለን ሥጋ ቤት ስንሰለፍ፣ እሷ የምትፈልገው ብርዱን ራሱን ነው። ሌሊቱ ቀዝቀዝ ካላለ አበባ አትይዝም። እኔ ጋቢ ደርቤ እየተንቀጠቀጥኩ መስኮቱን በትንሹ ከፍቼላት አደርኩ። አንድ ጠዋት ከቅጠሎቹ መሀል አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ብሏል። ከዚያማ መጠበቅ ነው፤ ጸጉራም ወይን ጠጅ አንገቷን ስታሳድግ ሳምንታት ፈጀባት።

ባለፈው ሳምንት አጎቴ ማር ቆርጠው ከጮቄ ሥር መጡ። ንብ አናቢ ናቸው፤ ዛፍም ይሁን ሣር ካዩ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። አጎንብሰው ብዙ አዩዋት። ከረጢቷን በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉ፣ ቫርኒሽ የተቀባች ነው የምትመስለው፣ ታንጸባርቃለች።

“ማር አላት?”

“የላትም አጎቴ።”

“ታዲያ ይች ጓዳ ምን ይገባበታል?”

መልስ አጣሁ። “ታምራለች” አልኩ፣ ድምፄ ለራሴም አላሳመነኝ። እሳቸው የሚያውቁት አበባ ሥራ ያለው አበባ ነው፤ አደይ አበባው፣ ኑጉ፣ ባህር ዛፉ፣ ሁሉም ለቀፎው ይገብራል። ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው ወደ ቡናው ሄዱ።

ጥያቄያቸው ግን እኔ ዘንድ ቀረ። ጓዳዋ ምን እንደሚገባበት ሄጄ አነበብኩ፣ ባላነበብኩ ይሻለኝ ነበር። ይህች ልጅ አጭበርባሪ ናት! የወገኖቿ ሥራ ይኼው ነው። በተለይ አበባ የምትጎበኝ የዝንብ ዓይነት አለች፣ ምግብ ወይም እንቁላል መጣያ ያገኘች መስሏት መጥታ ታርፋለች። ያረፈችበት ያንሸራትትና ከረጢቱ ውስጥ ትወድቃለች። ውስጡም ያዳልጣል። የሚወጣበት በጀርባው በኩል ባለ የጸጉር መሰላል ብቻ ነው፤ ጫፉ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ጠባብ ቀዳዳዎች አሉ። በአንዱ ስትሾልክ መጀመሪያ ከሌላ አበባ ያመጣችው ብናኝ ካለ ጀርባዋን አሽታ ትተዋለች፣ ቀጥሎ የዚህኛዋ ብናኝ ተለጥፎባት ትወጣለች። ክፍያ የለም። አንዲት ጠብታ ጣፋጭ እንኳ የለም። ዝንቧም አትማርም፣ ሄዳ ሌላዋ ላይ ትወድቃለች።

ዳርዊን ራሱ ይህን ነገር መጀመሪያ በትክክል አላየውም። በ1862 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ነፍሳቱ ከውጭ ሆነው በቀዳዳው ምላሳቸውን የሚያስገቡ መስሎት ነበር። አሜሪካዊው ወዳጁ ኤሳ ግሬይ፣ በፊት ለፊት ገብተው በኋላ የሚወጡ ይመስለኛል ብሎ ጻፈለት። ዳርዊንም ትንሽ ንብ ያዘና ከዚሁ ወገን ከሆነች አበባ ከረጢት ውስጥ ጨመራት። ንቧ እንደተባለው በኋላ ቀዳዳ ብናኝ ተቀብታ ወጣች። መልሶ ከተታት፣ ደግማ ወጣች። ሽማግሌው ሲስቅ ይታየኛል።

እዚህ ግን፣ ማርቆስ፣ የኔ መስኮት ላይ፣ ማንን ልታታልል ነው? የአገሯ ዝንቦች የሉም። የእኛዎቹ ገልመጥ አድርገዋት ወደ ወጥ ቤት ያልፋሉ። እንዲህ ተከፍታ ሳምንታት ትቆማለች፣ ከዚያ ትወድቃለች፤ ያበበው ቡቃያዋም ሁለተኛ አያብብም፣ ከሥሩ ለወጣችው ልጅ ቦታውን ይለቃል። ይህ ሁሉ ወጥመድ ለባዶ።

ቆይ። ዝናብ በባልዲ የሚያጠራቅምላት፣ በጥቅምት ሌሊት መስኮት ከፍቶ የሚበርደው፣ ጠብታዋን በሶፍት የሚመጥላት ማነው? ማሩስ ደርሶኛል?

አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የዳርዊንን ነገር ካነበብኩ ወዲህ መሞከር አምሮኛል። ንብ ያስፈልገኛል፣ አንዲት ብቻ። አጎቴ ሐሙስ ለገበያ ይመጣሉ። ከቀፎዎ አንዲት ንብ በክብሪት ቀፎ ያምጡልኝ ልበላቸው? “ለምንሽ?” ይሉኛል፣ ማለታቸው አይቀርም። ማር የሌላት አበባ ውስጥ ልወረውራት ነው እላለሁ? ደግሞ የሳቸው ንብ ወፈር ያለች ብትሆን፣ ቀዳዳው ቢጠባት፣ እዚያው ተሰንቅራ ብትሞትስ? በየትኛው አፌ ነው የማስረዳው?