በተሰነጠቀው ሥጋ መካከል ያለፈው ማን ነው?

ዘፍጥረት 15ን ብዙዎቻችን የምናስታውሰው እግዚአብሔር ዘርህ እንደ ከዋክብት ይበዛል ባለበት ክፍል ነው። እኔን ግን ሁሌም የሚይዘኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው፣ ደምና አሞራ ያለበት ክፍል ነው።

እግዚአብሔር ምድሪቱን እንደሚሰጠው ሲነግረው አብራም፣ ኋላ አብርሃም የተባለው፣ "ምድሪቱን እንደምወርስ በምን አውቃለሁ?" ብሎ ይጠይቃል። እግዚአብሔር አይቆጣውም። የ3 ዓመት ጊደር፣ የ3 ዓመት ፍየል፣ የ3 ዓመት በግ፣ ዋኖስና ርግብ አምጣ ይለዋል። አብራም እንስሶቹን ለሁለት ሰንጥቆ ፊት ለፊት ደረደራቸው፤ ወፎቹን ግን አልከፈለም። ከዚያ መጠበቅ ነው። አሞሮች በሥጋው ላይ ወረዱ፣ እሱም አባረራቸው። እዚህ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ፣ ዓሣ ሲጸዳ ያየ ሰው ይህ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ አንዱን አባ ኮዳ እሽ ስትለው ሌላው ከኋላህ ደርሷል። ያ ሽማግሌ እንግዲህ የተስፋ ቃል ተቀብሎ እያለ፣ ፀሐይ ልትገባ እስክትቃረብ ድረስ ሥራው አሞራ ማባረር ነበር።

የዚህን ሥርዓት ትርጉም ኤርምያስ 34 ላይ እናገኘዋለን። በንጉሥ ሴዴቅያስ ዘመን የይሁዳ አለቆችና ካህናት ባሮቻቸውን ነጻ ሊያወጡ ቃል ገብተው በተሰነጠቀ ጥጃ መካከል አለፉ። ብዙም ሳይቆዩ ቃላቸውን አጥፈው ያንኑ ሰው መልሰው ባሪያ አደረጉት። እግዚአብሔርም እንደ ጥጃው አደርጋችኋለሁ፣ ሬሳችሁም ለሰማይ ወፎች መብል ይሆናል አላቸው። በመካከሉ የሚያልፍ ሰው "ቃሌን ባጥፍ እንዲህ ልሁን" ማለቱ ነው።

አሁን ወደ አብራም እንመለስ። ከባድ እንቅልፍ ይዞታል። ጨለማ ነው። የእግዚአብሔር መገኘት ምልክት የሆነው የሚጤስ ምድጃና የእሳት ነበልባል በሥጋው መካከል አለፈ፣ አብራም ግን አላለፈም፤ በራሱ ላይ ያን ሁሉ የጫነው እግዚአብሔር ብቻ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

መዘግየቱንም አልደበቀውም። ዘርህ 400 ዓመት በባዕድ አገር ይጨነቃል ብሎ አስቀድሞ ነግሮታል። አብርሃም ይስሐቅን ያየው በ100 ዓመቱ ነው። ሣራን ሊቀብር እንኳ የመክፈላን ዋሻ በ400 ሰቅል ብር መግዛት ነበረበት።

ሰሞኑን በጥናት ቡድናችን አንዲት እህት "ጋሼ፣ እሱ ታማኝ መሆኑንማ አምናለሁ፣ ግን እኔ ካበላሸሁትስ?" አለችኝ። እስራኤልም አበላሽቷል። ቅጣቱም ቀልድ አልነበረም፤ ኢየሩሳሌም ተቃጠለች፣ ሕዝቡ ባቢሎን ወረደ። ግን እግዚአብሔር በዘሌዋውያን 26 ገና ድሮ፣ በጠላቶቻቸው ምድር ሳሉ እንኳ ኪዳኔን አላፈርስም፣ ከአብርሃም ጋር ያደረግሁትን አስባለሁ ብሎ ነበር። በፋርስ ንጉሥ በቂሮስ ዘመን ተመለሱ። ዕዝራ 2 ላይ በየቤተሰባቸው ተቆጥረው ተጽፈዋል። ብዙዎቻችን ያን የስም ዝርዝር ዘለን ነው የምናልፈው። እባካችሁ ዛሬ ማታ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፤ እዚያ የተጻፉት አብዛኞቹ የአብርሃም ዘር ናቸው።