ጃርት፣ እንቦጭና አንድ ሃይላንድ ውኃ

ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ያለውን መንገድ አልተርክም። ተኝቼ ነበር። ስነቃ አዘዞ ደርሰናል።

ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ሁለት ቀን አረፍኩ። ቤተ መንግሥቱን ከዚህ በፊት ስላየሁት ቶሎ ወጣሁ፤ የፋሲል መዋኛ ጋ ግን ቆየሁ። ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በቦይ ውኃ የሚገባበት ያ ትልቅ ገንዳ ደርቆ ሣር አብቅሏል። ቅር አለኝ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሱም ሌሊት ነው የሚመጣው። ቢጫ ጀሪካን ደርድሮ ለሚተኛ ሰው ባዶ ገንዳ ደስ አይልም።

ጎንደር ያለው ጓደኛዬ ብስጭቴን አይቶ፣ «ደንቢያ ውስጥ ገበሬዎች የሠሯት የአፈር ግድብ አለች። ኩሬዋ ዓሣ አላት፣ ወፍ አላት፣ ሂድና እያት» አለኝ። የቀበሌውን ስም አልጽፍም። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ ይገባችኋል።

መጀመሪያ ጎርጎራ ወረድኩ። ጣና ያው ጣና ነው። ዳር ዳሩን ግን እንቦጭ ይዞታል፤ ሰዎች እስከ ወገባቸው ገብተው በእጃቸው እየነቀሉ ወደ ዳር ይጥላሉ። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል። እንዲህ ማለቴ ራሱ ያናድዳል።

ማታ ወደ ቆላድባ ተመለስኩ። አልጋ 120 ብር። «ውኃ አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ሞልቶ!» አለኝ ልጁ። ክፍሉን ስከፍት ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን፣ ከላዩ ላይ ጣሳ። ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። አጎበሩ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳውን በካልሲዬ ቋጠርኩት። ከአጎበሩ ውስጥ የቀሩትን ሁለት ቢምቢዎች ግን ካልሲ አይመልሳቸውም። ታች ያለው መጠጥ ቤት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ድምፅ ማጉያውን አልዘጋም። ከዚያ በኋላ ቁንጫው ተረከበኝ።

ጠዋት እያከኩ ባጃጅ ያዝኩ። አብረውኝ የነበሩት እናት 20 ብር ሰጥተው ወረዱ። እኔን 150 አለኝ። «ለምን?» ስለው፣ «አንተ ካሜራ ይዘሃል» አለ። ለካ ካሜራም ታሪፍ አለው። ተከራክሬ 100 ከፈልኩ፤ አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ዝናቡ ቢያባራም ዋልካው ገና አልደረቀም። በየእርምጃው ጫማዬ ሥር አንድ አንድ ኪሎ ይጨመራል። ግራና ቀኙ ጤፍ ነው፣ ነፋሱ ያስተኛዋል፣ ያነሣዋል። አሥር ዓመት የማይሞላው እረኛ አየኝና ዱላውን ሰጠኝ። «በዚህ እየፋቅህ ሂድ» አለኝ። እሱ ባዶ እግሩን ነው፣ እንደ ሚዳቋ ነው የሚሄደው።

ግድቡ ላይ ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት ወፍ አይደለም። ጋቢያቸውን ያጣፉ፣ በእጃቸው ሃይላንድ የያዙ አዛውንት ናቸው። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንሥተው ይመለከቱታል። ሰላምታ አቀረብኩ። አላዩኝም። አይተው ሲጨርሱ ውኃውን ደፍተው፣ «ከወዴት ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

«ከጎርጎራ።»

«እንግዲያው ጫማህን እዚያ ሂድና እጠብ። ከኩሬው አትቅረብ።»

ደከመኝ ብል አልሰሙኝም። ከኩሬው ራቅ ብሎ አንድ በርሜል ተቀምጧል፣ ከጎኑ ብሩሽ። የእንቦጭ ዘር በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ በጫማ፣ በመረብ፣ በከብት ኮቴ ይሄዳል። ከጣና መረብ ይዞ የመጣ ሰው እዚህ ኩሬ ውስጥ አይጥልም። ቦርሳዬ ሥር ያለውን ጭቃ ሳይቀር አስጠረጉኝ። አየር ማረፊያ እንኳ እንዲህ አልተፈተሽኩም። ተናድጄ ነበር፤ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን ጎርጎራ ላይም እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር ኖሮ አልኩ።

«አባቴ፣ ወፎቹን ላንሣ?» አልኳቸው።

«ወፉ የትም አይሄድብህ። መጀመሪያ ግድቡን እይ።»

ግድቡ ቁመቱ ሁለት ሰው ቢደራረብ ነው፤ ርዝመቱ በእርምጃዬ 90። ከሩቅ ሲያዩት ሣር የለበሰ ጉብታ ነው። አፈሩን በአህያና በቃሬዛ አመላልሰው፣ ስስ ስስ አድርገው እያነጠፉ፣ በየንጣፉ ላይ ከብት እየነዱ አስረገጡት። «የጤፍ ማሳ አናስረግጥም? እንደዚያው ነው» አሉኝ። ውስጡ ዋልካ ነው፤ ዋልካ ውኃ አያሳልፍም። ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ አናቱን ገረጋንቲ አልብሰውታል። በውኃው በኩል ማዕበሉ እንዳይበላው ድንጋይ ተደርድሯል። በአንድ ጎኑ ሰፋ ያለ ቦይ አለ፤ ኩሬው ሲሞላ ትርፉ በዚያ ይወጣል። የአፈር ግድብ ውኃ በአናቱ ካለፈ አለቀለት፤ ዓይንህ እያየ ይበላል። ቦዩ ውስጥ አንዲት እንጨት እንኳ ወድቃ እንድትቀር አይፈቅዱም።

ሃይላንዱ ደግሞ ይህ ነው። ከግድቡ እግር ሥር ጥቂት ውኃ ይንጠባጠባል። የአፈር ግድብ ትንሽ ማንጠባጠቡ አይቀርም። ጥያቄው ጥርት ብሎ ነው ወይ ደፍርሶ የሚወጣው ነው። ከደፈረሰ ከግድቡ ሆድ አፈር ይዞ እየወጣ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በጠርሙስ ቀድተው ፀሐይ ላይ ያዩታል። «ዛሬስ?» አልኳቸው። «ዛሬ የጠበል ያህል ነው» አሉኝና ፈገግ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከዚያ ጎንበስ ብለው ክንድ የምታክል ችግኝ ከግድቡ ጎን ነቀሉ። ባሕር ዛፍ ናት። እኔ ክረምት ላይ ከመሥሪያ ቤት ጋር ወጥቼ ችግኝ ተክዬ ፎቶ የለጠፍኩ ሰው ነኝ፤ ደነገጥኩ። «ዛፍ እኮ ነው!» አልኩ። «ሥሩ ሲበሰብስ ለውኃ መንገድ ይሆናል። ዛፍ እዚያ ማዶ ነው» አሉ በአገጫቸው እያሳዩ። ማዶው እውነትም ግራርና ዋንዛ ሞልቶታል፤ ከላይ የሚመጣውን ደለል የሚይዘውም እሱ ነው።

ቀጥሎ ጉድጓድ አሳዩኝ። ጃርት። ሌሊት መጥቶ ነው የቆፈረው። የጃርት ጉድጓድ ከአንዱ ጎን ገብቶ ወደ ሌላው ጎን ከተጠጋ ውኃው ይከተለዋል። እኔ የዱር እንስሳ ላይ ብዬ ነው የመጣሁት፤ ጃርት አለ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ፣ «የት? ይታያል?» አልኩ። እንደ ሞኝ አዩኝ። «ትገድሉታላችሁ?» አልኩ። «ስንቱን ገድዬ እዘልቃለሁ? ጉድጓዱን ነው እንጂ የምደፍንበት።» አብረን ደፈንን። እሳቸው አፈር ይጨምራሉ፣ እኔ በእንጨት እረግጣለሁ። ጉድጓዱ አፍ ላይ የወደቀውን የጃርት ወስፌ ሰጡኝ፣ ጥቁርና ነጭ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ እስክሪብቶ መካከል ቆሟል።

ወፉን በመጨረሻ ፈቀዱልኝ። ይብራዎች ሣሩ ላይ ይግጣሉ። አንድ ሽመላ በአንድ እግሩ ቆሞ ይቆዝማል። ጥቁርና ነጭ የሆነች ትንሽ ዓሣ አዳኝ ወፍ አየር ላይ ባለችበት ክንፏን እያርገበገበች ቆማ፣ ድንገት እንደ ድንጋይ ወደ ውኃው ትወርዳለች። አርባ ፎቶ አነሣኋት። በሠላሳ ዘጠኙ ውስጥ የለችም።

ከሁሉም ያስደሰተኝ ግን ዓሣው ነው። የልጅ ልጃቸው ትንሽ መረብ ጥሎ አንዲት ቆሮሶ አወጣ። አፏን ከፈት ሲያደርጋት ጥቃቅን ግልገሎች እጁ ላይ ፈሰሱ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንም ግልገሏንም በአፏ ነው የምታሳድገው። ልጁ ቶሎ ብሎ ውኃው ውስጥ መለሳቸው፣ እሷንም ለቀቃት። ጥበቃው እንዲህ የተሳካ በመሆኑ ቆሮሶ በጠባብ ኩሬ ውስጥ ያለ ልክ ይራባል፤ መኖው አይበቃም፣ ሁሉም ጣት እያከለ ይቀራል። እዚህም እንደዚያ ሆኖ ነበር። በኋላ ትንንሹን የሚበላ አምባዛ ጨመሩበት። አሁን የሚያወጡት ቆሮሶ ከመዳፌ ይሰፋል። ወሬው ከወጣ መረብ ይዞ የሚመጣው ይበዛል ብለው ስለፈሩ ነው የቦታውን ስም አትናገር ያሉኝ።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። የአዛውንቱ ቤት እመቤት አስገብተው ሽሮ አቀረቡልኝ፤ ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እሳቸው ቤት ውስጥ ማንም አያነሣም። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያሉ ሦስተኛ እንጀራ ጨመሩብኝ። ጠላውን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ የቆላድባን ሌሊት ያስረሳል።

ስወጣ ገንዘብ ላወጣ ኪሴ ውስጥ ገባሁ። አዛውንቱ እጄን ያዙኝ። «ከዚያ ክምር አንድ ድንጋይ አንሣና አምጣ» አሉኝ። በውኃው በኩል ድርድሩ ላይ ክፍተት አለ። ትልቁን ላንሣ ብዬ ወገቤን ይዤ ተመለስኩ፤ መካከለኛውን ወሰድኩ። እሳቸው አዙረው አገጣጠሙት። ሁለት ቆሮሶ በቅጠል ጠቅልለው ለነገ ሰጡኝ።

መንገዱ ላይ ያው ባጃጅ ይጠብቃል። «150» አለ። ከዚያ የቅጠሉን ጥቅል አየ፣ አሸተተ። «አንዱን ከሰጠኸኝ በ20 አደርስሃለሁ።»

ሰጠሁት። ትንሹን።