የቁልቢ ገብርኤል ዕለት

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የግል ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ለመጀመሪያው ሦስት ወር የእርግዝና ማጣሪያ ደም ተቀብለን ወደ ሌላ ከተማ እንልካለን። አንድ ቀን የአንዲት የ27 ዓመት ነፍሰ ጡር ውጤት መጣ፦ «ለዳውን ሲንድረም ከፍተኛ ስጋት»፤ በትርፍ ክሮሞሶም ምክንያት ሕፃኑ ይዞት የሚወለደው የእድገት ችግር ማለት ነው። ደሟ ውስጥ ከለካናቸው ሁለት ነገሮች ቤታ ኤችሲጂዋ ከፍ፣ ፓፕ-ኤዋ ዝቅ ብሏል።

ከእናቷ ጋር ነበር የመጣችው። ወረቀቱን ስታነብ እጇ ይንቀጠቀጣል። እናትየው «ምን አለ ልጄ?» እያሉ ይወተውታሉ።

ቤታ ኤችሲጂም ፓፕ-ኤም ከእንግዴ ልጅ የሚመነጩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ሆርሞን፣ ሁለተኛው ፕሮቲን። በዚህ ወቅት ፓፕ-ኤ በየሳምንቱ ይጨምራል። ቤታ ኤችሲጂ ግን ከ10ኛው ሳምንት ገደማ በኋላ እየወረደ ይሄዳል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን አይነበብም፤ በዚያው የእርግዝና ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች መካከለኛ ልክ ጋር ይነጻጸራል። እርግዝናው ከእውነተኛ ዕድሜው በላይ ከተቆጠረለት ፓፕ-ኤው ያነሰ፣ ቤታው የበዛ መስሎ ይወጣል። ዳውን ሲንድረም ሲኖር በብዛት የሚታየውም ይሄው መልክ ነው።

«የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?» አልኳት።

«እሱንማ አልረሳውም። ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ ሄደን እዚያው መጣብኝ። ሳልገባ ከውጭ ተሳልሜ ተመለስኩ።»

«እውነቷን ነው» አሉ እናትየው።

ታኅሣሥ 19 ማለት ነው፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 28። የላካት ክሊኒክ ቅጽ ላይ ግን «ዲሴምበር 19» ተብሎ ተጽፏል። የ9 ቀን ልዩነት! ደም የሰጠችው በ11 ሳምንት ከ2 ቀኗ ሆኖ ሳለ በ12 ሳምንት ከ4 ቀን ተሰልቶላታል። የዚያኑ ዕለት የታየችው አልትራሳውንድ ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ፅንሱ ከራስ እስከ መቀመጫ 46 ሚሊሜትር ይላል። ከቁልቢው ቀን ጋር ልክ ገጠመ። እንዲህ ያለ ልኬት እያለማ ስሌቱ ከመነሻው በእሱ መሠራት ነበረበት።

ቀኑ ታርሞ እንደገና ሲሰላ ስጋቱ ዝቅተኛ ሆነ። እናትየው እልል አሉ። እሷ ግን «በቃ፣ አለቀ ማለት ነው?» አለችኝ። ማጣሪያ መሆኑን ነገርኳት፦ «ከፍተኛ» ሲልም ሕፃኑ ችግር አለበት ማለት አልነበረም፤ «ዝቅተኛ» ስላለም ክትትሉ አይቀርም።

አሁን ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር እንጽፋለን። ቀኑ የጠፋባትን እናት ደግሞ በዓል እየጠራሁ እጠይቃለሁ፦ ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ? ረመዳን ላይ ከነበረ ሙስሊም እናቶች ቶሎ ይመጣላቸዋል፤ በወር አበባ ምክንያት ያልጾሙትን ቀን ኋላ ለመክፈል ቆጥረው ይይዙታላ።