የአርባ ዓመቱን ቦርዶ እንዴት እንዳበላሸሁት

ባለቤቴ አርባ ዓመት ሲሞላት፣ በተወለደችበት በ1982 እ.ኤ.አ. የተጠመቀ፣ በፈረንሳይ የቦርዶ ወይን አገር ውስጥ ያለው የሜዶክ ቀይ ወይን ላቀርብላት ወሰንሁ። የምንኖረው ፓሪስ ስለሆነ አሮጌ ወይን ከሚሸጥ ሱቅ ጠርሙሱን ገዝቼ በባቡር ይዤ ገባሁ። የከፋው የመጨረሻው ግማሽ ቀን ነው፤ ይህን የምጽፈውም አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ስላላገኘሁ ነው።

የቦርዶ ጠርሙስ ከየትኛው የወይን ዘር እንደተሠራ አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ ላይ አይጻፍበትም፤ የሚጻፈው ቦታው ስለሆነ ገዢው ዘሩን ከቦታው እንዲያውቅ ይጠበቃል፤ ይህ ልማድ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሙቀት በሚይዘው የሜዶክ ጠጠራማ መሬት ዘግይቶ የሚበስለው ካበርኔ ሶቪኞን ይበዛል፤ እዚያው ቦርዶ ባሉት በሴንት ኤሚሊዮንና በፖምሮል ደግሞ ቀድሞ የሚደርሰው ሜርሎ ያይላል። ጠማቂው እያንዳንዱን ለየብቻ አብላልቶ፣ ቀምሶ ይቀይጣቸዋል፤ ለመዓዛ ካበርኔ ፍራን፣ ለቀለም ጥቂት ፔቲ ቬርዶ የሚባሉ ሌሎች ዘሮችን ይጨምርበታል። ቅየጣው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ቀድሞ የሚያቆጠቁጠውን ሜርሎ የጸደይ ውርጭ ቢመታው ካበርኔው ሊተርፍ ይችላል፤ የመኸር ዝናብ ካበርኔውን ቢያገኘው ሜርሎው ተለቅሞ አልቋል። በሰሜኑ አገራችን ገብስና ስንዴ ደባልቆ የሚዘራ ገበሬም የሚያስበው ይህንኑ ነው።

ካበርኔ ሶቪኞን፣ አፍን እንደ ጥሬ ሙዝ የሚያደርቀው ታኒን ይበዛዋል። ታኒኑ በዘመናት ከቀለሙ ጋር እየተያያዘ አተላ ይሆናል። እኔ ይህን ስላላወቅሁ ጠርሙሱን እስከ በዓሉ ቀን አጋድሜ አቆየሁት። ሻጩ በሙሉ ልብ «ከማዕዱ ሦስት ሰዓት በፊት ከፍተው በሰፊ ማንቆርቆሪያ ያናፍሱት» ብሎኝ ነበር፤ እኔም የመንግሥት አዋጅ ይመስል ታዘዝሁ። ቡሹ መሐል ላይ ተሰብሮ ግማሹ ወደ ውስጥ ገባ። ደንግጬ ወይኑን በሻይ ማጥለያ ገለበጥሁት፤ አተላውም አብሮ ወረደ። ያን ጊዜ ብቻዬን ወጥ ቤት ቆሜ አንድ ጉንጭ ቀመስሁ፤ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ፣ ቆዳና የደረቀ ፍሬ ይሸታል፤ እንዲያ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም። ከሦስት ሰዓት በኋላ ለእንግዶች ስቀዳ መዓዛው ጠፍቶ፣ የቀረው ኮምጣጣና ደፍራሽ ውኃ ነበር። አማቴ በትሕትና ብርጭቋቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ ይህስ አልፎበታል» አሉኝ። ሻጩ ዘንድ ተመልሼ ስወቅሰው ትከሻውን ሰብቆ፣ አሮጌ ወይን ዕድል ነው አለኝ። ዕድል አልነበረም፤ ለዐሥር ዓመት ወይን የሚሰጠውን ምክር ለአርባ ዓመቱ መስጠቱ ነው፤ ሳልጠይቅ መቀበሌ ደግሞ የእኔ ጥፋት ነው።

አሮጌ ጠርሙስ ያላችሁ፣ አተላው እንዲሰክን ከሁለት ቀን በፊት አቁሙት። ቡሹን በጠመዝማዛው ሳይሆን ከግራና ከቀኝ በሚገባው ባለ ሁለት ምላስ መንቀያ አውጡት፤ ከዚያ አንገቱን በመብራት እያያችሁ በዝግታ ቅዱ፣ አተላው አንገቱ ሲደርስ አቁሙ፣ ወዲያው ጠጡ። «በክፍል ሙቀት» የሚለውን ምክርም አትስሙ፤ የዛሬ ቤት ይሞቃል፣ ወይኑ ግን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። ገንዘቡ ዛሬ በእጄ ቢሆን ሜርሎ የሚበዛበትን የዐሥር ዓመት ፖምሮል እገዛበት ነበር።

ባለቤቴ አሁንም አልፎ አልፎ በመጀመሪያ ሲከፈት ምን ይመስል እንደነበር ትጠይቀኛለች፤ እኔም ያው ነበር እላታለሁ።